ለሸኽ እንድሪስ የታየ ህልም

ጣሂር ህልም ውስጥ ሆኖ ህልም መሆኑን ያውቃል። ነገሩ ሲሰሙት ጸጋ ይመስላል፤ እሱ ግን ከልጅነቱ ጀምሮ አንድ ቀን እንኳ አመስግኖበት አያውቅም። ሌላው ሰው በህልሙ ጅብ ሲያባርረው ይሮጣል፣ በላብ ተጠምቆ ይነቃል፣ ውሃ ተጎንጭቶ ይረሳዋል። ጣሂር ግን ጅቡ ፊት ቆሞ «ይሄማ ህልም ነው፤ እኔ አሁን ካይሮ፣ አይን ሻምስ፣ ፍራሼ ላይ ተጋድሜያለሁ» ይላል። ጅቡም ማባረሩን ይተውና ይቆማል። ከዚያ ሁለቱ ይተያያሉ። መሮጡ በስንት ጣዕሙ!

የባሰው ደግሞ መግቢያው ነው። ከዙህር ሶላት በኋላ፣ ከተማው ሁሉ በሙቀት ዝሎ መስኮቱን ሲዘጋ፣ ጣሂር ጋደም ባለ በሩብ ሰዓት ውስጥ ዱካክ ይይዘዋል። ዓይኑ በከፊል ተገልጦ ጣሪያውን እያየ እጅና እግሩ አልታዘዝ ይለዋል። ደረቱ ላይ አንድ ነገር ይወጣና ይቀመጣል። ይከብዳል፤ ይተነፍሳልም። ጣሂር መልኩን አይቶት አያውቅም፤ ማየትም አይፈልግም። ወሎ፣ ወረባቦ ሳለ እናቱ «የቀትር ጋኔን ነው» ብላ ትራሱ ስር ቢላ ታኖርለት ነበር። ያ ነገር ከተቀመጠበት በኋላ ሁለት ምርጫ አለው፤ ወይ አያተልኩርሲ የሚባለውን የቁርኣን አንቀጽ በልቡ ቀርቶ ያባርረዋል፣ ወይ ዝም ብሎ ይሸከመውና ሁሉን ወደሚያውቅበት ህልም ይሻገራል። መሻገሩን ከተወ ዓመታት አልፈውታል። እያባረረ ነበር የሚኖረው።

ይህን ምስጢሩን የሚያውቁት አንድ ሰው ብቻ ነበሩ፤ ሸኽ እንድሪስ።

ሸኽ እንድሪስ ከጣልያን ወረራ በፊት ከወሎ ተነስተው፣ ሱዳንን ግማሹን በእግር ግማሹን በባቡር አቋርጠው ካይሮ የገቡ ሰው ናቸው። እንደ ብዙዎቹ ተምረው ሊመለሱ ነበር የመጡት፤ ሳይመለሱ ሸመገሉ። አይን ሻምስ ውስጥ ባለችው ባለ ሁለት ክፍል ቤታቸው የሀገራቸውን ልጆች፣ ደረሳዎቻቸውን፣ ቁርኣን ያስቀራሉ። ድምፃቸው ሌላ ነበር። ጠዋት መስኮቱን ከፍተው ቁርኣን ሲቀሩ የባቄላ ሻጩ ጋሪውን አቁሞ ይሰማል፤ ደንበኛው ቢቆጣ እንኳ «ማሌሽ፣ ሸይኹ ይጨርሱ» ይላል። ልጅ አልወለዱም። ጣሂር ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍል ሲገባ ገና አስራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር፤ አሁን ሃያ አራት ሞልቶታል፣ የቤቱ ልጅ ሆኗል። ሚስታቸውን ኡመልኸይርን እንደ ወለደችው ሁሉ «አንቺ» ይላታል።

የሸኽ እንድሪስ አንገት ላይ ደግሞ እንቅርት አለ። «ከወሎ የያዝኩት ስንቅ ነው፤ ሌላው አልቆ ይሄ ቀረ» እያሉ ደረሳዎቻቸውን ያስቁበት ነበር። በ1954 ሐምሌ ግን ቀልዱ አበቃ። እንቅርቱ ወደ ውጭ ማደጉን ትቶ ወደ ውስጥ ገባ፤ የትንፋሻቸውን ቧንቧ ያዘው። ጋደም ሲሉ ይታፈናሉ። ግድግዳ ተደግፈው፣ ትራስ በትራስ ላይ ተነባብሮላቸው፣ ቁጭ ብለው ማንቀላፋት ጀመሩ። ሲተነፍሱ ከጓዳ ይሰማል።

ቅዳሜ ዕለት ጣሂር ሐኪም ቤት ወሰዳቸው። ሐኪሙ ረጋ ያለ ግብጻዊ ነበር፤ አልደበቀም። ካልተቆረጠ ክረምቱን አይዘልቁትም አለ። ከተቆረጠ ደግሞ ድምፅን የሚያንቀሳቅሰው ክር እዚያው እንቅርቱ ጀርባ ስለሚያልፍ፣ ሊጎዳ ይችላል፤ አላህ ያውቃል። አልጋ ለሐሙስ ይዣለሁ፣ እስከ ረቡዕ ቁርጡን ንገሩኝ አለ።

«ሞቱንስ አልፈራም» አሉ ሸኽ እንድሪስ ባቡር ውስጥ። «ግን ድምፄን ወስዶ ነፍሴን ቢተውልኝ፣ ምን ላደርግባት ነው? እንደሱ ከሆነ አብረው ይሂዱ።»

ማታውን ኡመልኸይር ሰማች። «በእንቅርት ላይ...» ብላ ተረቱን ጀመረችና ማልቀስ ስለቀደማት አልጨረሰችውም።

በዚያው ምሽት ሸኽ እንድሪስ ጣሂርን አጠገባቸው አስቀመጡት።

«ኢስቲኻራ ልሰግድ አሰብኩ፤ ምርጫውን አላህ በህልም እንዲያሳየኝ» አሉት ትንፋሽ እየሰበሰቡ። «ግን ቁጭ ብሎ የሚያንቀላፋ ሰው ምን ህልም አለው? አንተ ስገድልኝና ተኛልኝ።»

«ሸኾቼ፣ ኢስቲኻራ በሰው አይሰገድም ብለው ያስተማሩኝ እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«ነኝ። ያኔ ግን ጋደም ብዬ እተኛ ነበር።»

ጣሂር ሊስቅ ፈልጎ አልቻለም። ምን ሊጠየቅ እንደሆነ ገብቶታል።

«ሌላ ሰው ህልሙን እየተንገዳገደ ነው የሚያየው» አሉ ሸኹ። «አንተ ግን ነቅተህ ትገባለህ። ምስክር መሆን ትችላለህ። ምንም አትንካ። ያሳየህን እይና ንገረኝ። ተቆረጥ ካለኝ እቆረጣለሁ፤ ተው ካለኝ እተዋለሁ።»

እምቢ አይባልም። እኚህ ሰው አምስት ዓመት አብልተው፣ አጠጥተው፣ ፊደል በፊደል አስቀርተውታል። እሺ አለ።

እሑድ ከዙህር በኋላ ሁለት ረከዓ ሰገደ፣ ዱዓውን አደረሰ፣ ጣሪያው ላይ ካለችው ክፍሉ ገብቶ ተጋደመ። ዱካኩ አላስጠበቀውም። መጀመሪያ ጣቶቹ፣ ቀጥሎ ጉልበቱ፣ ከዚያ ምላሱ ታሰሩ። ያ ነገር ወጥቶ ተቀመጠ። ጣሂር በልቡ አያተልኩርሲን ጀመረና፣ መቅራቱ እንደሚያነቃው ሲያስታውስ ተወው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሳይታገል ተሸከመው። ያ ነገርም መፈቀዱን ያወቀ ይመስል ተመቻችቶ ተቀመጠ። ትንፋሹ ጆሮው ስር መጣ። ጣሂር ሊሞት ነው ብሎ አመነ።

ከዚያ ታች፣ የሸኹ ቤት ኮሪደር ላይ ቆሞ ራሱን አገኘው።

ግድግዳው ላይ ያለውን የቀን መቁጠሪያ አየ፤ ቁጥሮቹ እንደ ጉንዳን ቦታ ይለዋወጣሉ። «ህልም ነው» አለ። የማስቀሪያው ክፍል በር ዝግ ነው። ምንም አትንካ ተብሏልና እጆቹን ጀርባው ላይ አጣምሮ ቆመ። መልሱ ከዚያ በር ኋላ እንደሆነ ያለ ነጋሪ ያውቃል። መጠበቅ ብቻ ነው። ግን ሰው እየጠበቀ አለማሰብ ይችላል? «ያረብ፣ ብቻ ከፈን እንዳይሆን» የምትል አሳብ ሽው አለችው።

በሩ በራሱ ተከፈተ። ወለሉ ላይ፣ ከራስና ከእግር የታሰረ ነጭ ከፈን ተዘርግቷል። አንገቱ ጋ ያበጠ ነው። እብጠቱ ከጨርቁ ስር ወደ ላይ፣ ወደ ታች ይላል፤ ይተነፍሳል።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል። በውን ሲሆን ለመድረስ ዕድሜ ይፈጃል፤ በጣሂር ህልም ግን አንድ ቅጽበት አልፈጀበትም። ጮኸ፤ ድምፅ የለውም። ሲነቃ ፍራሹ በላብ ርሷል፣ ከታች የጎረቤት ራዲዮ ይዘፍናል፣ ቀኑ ገና ብርሃን ነው። እንደተማረው ሦስት ጊዜ ወደ ግራው ትፍ አለ፣ ጎኑን ቀየረ፣ ከሰይጣን በአላህ ተጠበቀ። መጥፎ ህልም አይወራም፤ ከተወራ ይወድቃል። ይህን ወረባቦም ካይሮም ያለ ሙስሊም ሁሉ ያውቀዋል።

ግን ያ ህልም ተነግሮት ነው ወይስ እሱ ራሱ ፈርቶ የሠራው? ሸኹ ምስክር ያሉት ሰው፣ በሩን በገዛ ፍርሃቱ የከፈተ ሰው ነው። ይህን ሲያስብ ከከፈኑ ይልቅ ይሄኛው አስፈራው።

ዝም አለ። ለዓስር ሶላት ወረደ፣ ለሸኹ የውዱእ ውሃ አፈሰሰላቸው፣ ፎጣ አቀበላቸው። ሸኹ አልጠየቁትም። ፊቱን ብቻ አዩት፤ ደጋግመው አዩት።

ሰኞ ጠዋት ጣሂር ሲወርድ ኪታቦቻቸው ሁሉ ከመደርደሪያ ወርደው ወለሉ ላይ በክምር በክምር ተቀምጠዋል። «ይሄ ላንተ፤ ያ ለመስጊዱ» አሉት ሸኽ እንድሪስ። «ለሐኪሙም አንመጣም በለው። ኸላስ፣ አለቀ፤ ገባኝ።»

«ምኑ ነው የገባዎት? እኔ ምንም አላልኩ።»

«እሱ ነዋ! ጥሩ ህልም ያየ ለሚወደው ይነግራል። ክፉ ያየ ዝም ይላል። ይሄንንም ያስተማርኩህ እኔ ነኝ። ዝም አልክ፤ ያዕኒ፣ ነገርከኝ ማለት ነው።»

ጣሂር የቆመበት ዞረበት። ቢናገር ህልሙ ይወድቃል። ዝም ቢል እነሆ ወድቋል፤ ሰውዬው መኖርን ትተው ኪታብ እያከፋፈሉ ነው። የቀረው መዋሸት ነው።

«ኧረ አልተኛሁም፣ ሸኾቼ» አለ። «ትናንት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ወላሂ—» መሐላውን አልጨረሰውም።

«እንግዲያ እስከ ነገ» አሉ።

ኡመልኸይር ጣሪያው ላይ ልብስ ስታሰጣ አገኘችው። ዞር ብላ አላየችውም።

«አይተሃል» አለችው።

ጣሂር የወደቀ የልብስ መቆንጠጫ አንስቶ አቀበላት።

«ምን እንደሆነ አትንገረኝ። ደህና አይቻለሁ በለውና ሐኪም ቤት ይሂድ።»

«ያላየውን ህልም አየሁ ያለ ሰው፣ የቂያማ ቀን ሁለት የገብስ ፍሬ አንዱን ካንዱ ቋጥር ተብሎ እንደሚታዘዝ ሰምተሽ የለም? የማይቋጠር ነገር እየቋጠረ ይቀራል።»

«አምጣ፣ እኔ እቋጥርልሃለሁ» አለች። የያዘችው ጀለቢያ ከእጇ ወደቀ። «ሌሊቱን ሁሉ ትንፋሹን እየቆጠርኩ ነው የማነጋ። አንዱ ሲዘገይ የኔም ይቆማል። ገብስ ያቅተኛል ብለህ ነው?»

«ፈርቻለሁ» አላት። ለማንም ብሎት የማያውቀውን ቃል ነው ያላት።

«ህልም ተፈርቶ ሳይተኛ አይታደርም፣ ልጄ።»

የዚያን ቀን ማታ አንድ አሳብ መጣለት። የደረሳ ነገር ለሁሉ ቀዳዳ አያጣም! በሩን ፍርሃት ከከፈተው፣ ምኞትም ይከፍተዋል ማለት ነው። ሄዶ፣ ገብቶ፣ ደህናውን ራሱ ቢሠራውስ? ካየው አየ ነው፤ ውሸት የለበትም። እንዲህ ብሎ ለራሱ ፈትዋ ሰጠ። ፈትዋው ልክ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ግን ከሰውዬው ነፍስና ከፈትዋው የቱ ይበልጣል?

ማክሰኞ ቀትር ላይ ተጋደመ። በዚህኛው ዱካኩ ሁለት ሆኖ የመጣ መሰለው፤ አንዱ ደረቱ ላይ፣ አንዱ ጉሮሮው ላይ። ትንፋሹ ተቆረጠ። ሸኹ ጋደም ሲሉ የሚያዩት ይህንን ነው ማለት ነው ብሎ አሰበና፣ በፍርሃቱ መካከል አዘነላቸው። ልቀቀኝ አላለም። ጨለመ፤ ተሻገረ።

ኮሪደሩ ላይ ነው። በሩ ዝግ ነው። እጁን ከጀርባው ፈታና እጀታውን ያዘ፤ ልቡ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ አስቀመጠ፦ ዳኑ፣ ዳኑ፣ ዳኑ። ከፈተው።

ሸኽ እንድሪስ ምንጣፋቸው ላይ ተቀምጠዋል። አንገታቸው ቀጥ ያለ፣ የወጣት አንገት ነው። ኪታብ ዘርግተው ይቀራሉ፤ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ጣሂር ከደስታው ብዛት ሊያለቅስ ሲል አንድ ነገር አስተዋለ፤ ምንም አይሰማም። ያ የባቄላ ጋሪ የሚያቆመው ድምፅ የለም።

«ይናገሩ እንጂ!» አለ። «ሸኾቼ፣ ይናገሩ!» ያለ የሌለ ፈቃዱን ሰብስቦ ገፋ።

ሸኹ ቀና አሉና አዩት።

«ምን እንድልህ ትፈልጋለህ?» አሉ።

ድምፁ የጣሂር ነበር። የራሱ፣ የወረባቦው፣ ትንሽ የሚያንተባትበው ድምፅ ነው ከሸኹ አፍ የወጣው። ጣሂር ጅብ አይቷል፣ ከፈን አይቷል፤ እንደዚህ ግን ፈርቶ አያውቅም። እዚህ ክፍል ውስጥ ከሱ በቀር ማንም እንደሌለ፣ ኖሮም እንደማያውቅ አወቀ። ግን የመጣበትን አልረሳም።

«ድኛለሁ ይበሉኝ» አለ።

«ድኛለሁ» አሉ ሸኹ፣ በጣሂር ድምፅ።

ነቃ። ሳይታጠብ፣ ጫማውን ሳያደርግ ደረጃውን ወረደ። ሸኽ እንድሪስ ግድግዳ ተደግፈው ቁጭ ብለዋል፤ ኡመልኸይር እግራቸው ስር ናት።

«አየሁ» አለ። «ምንጣፍዎ ላይ ተቀምጠው ይቀራሉ። አንገትዎ ቀጥ ያለ ነው። ቀና ብለው አዩኝና ‹ድኛለሁ› አሉኝ።»

ኡመልኸይር መዳፏን አፏ ላይ ጫነች። ሸኹ ግን አልተንቀሳቀሱም። ዓይናቸው ውስጥ ውሃ ሞላ፤ እንደ ልጅ ነበር ያዩት፤ ሊያምኑት ፈልገው ፈሩ።

«ተናገርኩ?» አሉ።

«ተናገሩ።»

«በድምፄ?»

ይህችን ጥያቄ አላሰባትም ነበር። ከመጀመሪያውም ጥያቄያቸው ይህቺው ብቻ እንደነበረች አሁን ገባው። እንጂ ስለ መዳን ማን ጠየቀ? የኡመልኸይርን ፊት አየ። የሸኹ ትንፋሽ በፉጨት ወጥቶ፣ ዘግይቶ ተመለሰ።

«አዎ» አለ። «በድምፅዎ።»

ሐሙስ ዕለት ተቆረጡ። ጣሂር ከክፍሉ ውጭ አግዳሚው አጠገብ እንቅልፍ እንዳይወስደው ቆሞ ዋለ፤ ዓይኑ በተከደነ ቁጥር ያ በር እየመጣ ይቆምበታል። ሐኪሙ ሲወጣ ደክሞት ነበር፤ ሕይወታቸው ተርፏል አለ። ስለ ድምፁ ግን እንጠብቅ አለ።

ጠበቁ። በአስራ ሁለተኛው ቀን ወደ ቤት መጡ። በዚያ ሌሊት ሸኽ እንድሪስ ከወራት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ በጀርባቸው ተንጋልለው ተኙ፤ ኡመልኸይርም ትንፋሻቸውን ሳትቆጥር እንቅልፍ ወሰዳት። ድምፁ ግን አልተመለሰም። ሲናገሩ አየር ብቻ ይወጣል፤ ጆሮን አፋቸው ላይ ካልደገፉ አይሰማም። አንድ ወር አለፈ፤ ሁለተኛውም አለፈ። ሐኪሙ ድምፁ ዘግይቶ ይመለስ ይሆናል አለ፤ በኋላ እንዲያ ማለቱንም ተወ።

ሸኽ እንድሪስ ጣሂርን አንድ ቃል አልወቀሱትም። ቢወቅሱት በተሻለው ነበር። ደረሳዎቹ ግን ትምህርት ፈልገው ተመለሱ፤ መላ ተመታ። ሸኹ ምንጣፋቸው ላይ ይቀመጣሉ፣ ጣሂር በቀኛቸው ተጠግቶ ጆሮውን ይሰጣል፤ እሳቸው ያንሾካሹካሉ፣ እሱ ጮክ ብሎ ይደግማል። መስኮቱ ተከፍቶ እያለ የባቄላ ሻጩ ሳይቆም ያልፋል።

መስከረም አልቆ ጥቅምት በገባ አንድ ማክሰኞ፣ በትምህርቱ መሐል ሸኽ እንድሪስ ጣታቸውን ከኪታቡ ላይ አነሱ። ወደ ጣሂር ዘንበል አሉ። ትንፋሻቸው ጆሮው ስር መጣ።

«አሁን እተኛለሁ፤ አልማለሁም» አሉት በሹክሹክታ። «ትናንት በህልሜ ቀራሁ። አፉ የኔ ነው፤ ድምፁ ግን ያንተ ሆነብኝ። አንተ ያኔ ያየኸኝ በማን ድምፅ ስናገር ነበር?»

ጣሂር ቀና አለ። ሸኹ ምንጣፋቸው ላይ ናቸው፤ ኪታቡ ተዘርግቷል፤ አንገታቸው ቀጥ ያለ ነው። እጅና እግሩ ታሰረ፤ አሁን ግን ነቅቶ ነበር።

ደረሳዎቹ አልሰሙም። እንደ ልማዳቸው ሁሉም ወደሱ ዞሩ። አንዱ ብዕሩን አዘጋጅቶ፣ «ሸኹ ምን አሉ?» ሲል ጠየቀ።

ጣሂር ሌላ ነገር ሊል ይችል ነበር። ማንም አያውቅበትም። ግን ሸኽ እንድሪስ ዓይን ዓይኑን እያዩት ነው፤ ደክሞትም ነበር።

«‹አንተ ያኔ ያየኸኝ፣ በማን ድምፅ ስናገር ነበር?› አሉ» ብሎ ጮክ አድርጎ ደገመ።

ሸኽ እንድሪስ የጣሂርን ድምፅ እስከ መጨረሻው አዳመጡት። ከዚያ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ መልሱንም አልጠበቁም።